እናቴን ዛንዚባር ለመውሰድ

ነገር ማሰናዳት እችልበታለሁ። ጉራ እንዳይመስልብኝ፤ እንጀራዬ ስለሆነ ነው። ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሰው የሚሰበሰብበትን፣ የሚያድርበትን፣ የሚበላውንና የሚሳፈርበትን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ቢሾፍቱ ላይ ስብሰባ ካለ የጾመኛውንና የፍስኩን ምሳ ለይቼ፣ የሚያንኮራፋውን ሰውዬ ለብቻው አስተኝቼ፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ማን እንደሆነ አውቄ ነው የምተኛው። አለቃዬ አንቺ የያዝሽው ነገር አይበላሽም ይለኛል። እኔም አልከራከረውም።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት እናቴን ዛንዚባር እወስዳታለሁ ብዬ ስነሳ፣ ይቀር ይሆናል የሚል ሐሳብ በአጠገቤም አላለፈ። የዓመት ፈቃዴ ተጠራቅሞ ሊቃጠል ደርሶ ነበር። በእኛ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚወጣው ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለቤት እድሳት ወይም ሰው ሲታመም ነው፤ ዝም ብሎ ለማረፍ ፈቃድ የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ራሴ የመጨረሻውን ፈቃዴን የፈጀሁት የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ሳስቀይር ነው። በዚያ ዓመት ግን በቃኝ አልኩ።

ዛንዚባርን ያመጣችው፣ ሳታውቀው፣ እናቴ ናት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ካዛንቺስ ጀርባ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ሁለታችን ብቻ ነን። ማታ ማታ ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ ትከታተላለች፤ ሰዎቹ ሲጣሉም ሲታረቁም ባሕር ዳር ናቸው። አንድ ቀን እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም እንዴ ስትል ቆየችና፣ ማዶው የማይታይ ውሃ አጠገብ አንድ ጊዜ ብትቆም ደስ እንደሚላት ተናገረች። እናቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። የምትናገረው ብዙውን ጊዜ ሌላው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ነው፤ ደስ ይለኛል የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም። ያቺን ቃል ስሰማ ቶሎ ያዝኳት።

ቀን መምረጡ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። እናቴ ጾም አትገድፍም። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ጾም ስለሌለበት መጀመሪያ እሱን አስቤ ነበር፤ ለካ ያን ጊዜ ዛንዚባር ላይ የሚወርደው ዝናብ አይጣል ነው። ዝናቡ ሲያባራ የሐዋርያት ጾም ይገባል። እሱ በተፈታ ብዙም ሳይቆይ ፍልሰታ ይመጣል። በመካከሉ ደግሞ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ አለ፤ እናቴ ያን ቀን ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሌላ የትም አትውልም። እኛን ክረምቱ ሲያጨቀየን እዚያ ደረቅና ነፋሻ መሆኑን ካጣራሁ በኋላ፣ ከሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ማግስት እስከ ፍልሰታ መግቢያ ያለችውን ጠባብ ጊዜ አገኘኋት። ረቡዕንና ዓርብን በሩዝና በባቄላ እናልፋቸዋለን። ያን ዕለት ቢሮ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ማረፊያውንም እንደዚሁ አስጨንቄ መረጥኩ። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ የሌለው፣ ከበሩ ወጣ ስትል አሸዋ የምትረግጥበት ቤት መሆን ነበረበት። በደሴቱ ምሥራቅ በኩል ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሩቅ ድረስ እንደሚሸሽ፣ ሰውም ውሃ ፍለጋ ብዙ እንደሚሄድ አነበብኩ። እናቴን ያህል ሰው ይዤ የሚሸሽ ባሕር አላባርርም። ውሃው እምብዛም የማይርቅበትን የሰሜኑን ጫፍ ያዝኩ። ለቤቱ ባለቤት ደውዬ ስለ አልጋው ቁመት፣ ስለ መታጠቢያው ወለል፣ ዓሣውን በምን ዘይት እንደሚጠብሱት ስጠይቀው ሰውዬው ቤቱን ልትገዢው ነው እንዴ አለኝ፣ እየሳቀ። አልገዛውም፣ እናቴን ነው የማሳድርበት አልኩት። ይህን ሲሰማ ሳቁን ትቶ ለጉልበቷ የሚሆን ዝቅ ያለ ወንበር እንደሚያዘጋጅ ቃል ገባልኝ።

ለእናቴ የነገርኳት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያለችኝ ለማንም እንዳትናገሪ ነው። ይህ አላስገረመኝም። እኛ ሰፈር ጉዞ የሚነገረው ሻንጣው መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የተወራ መንገድ ይሰናከላል ይባላል። እኔ በሰው ዓይን ባላምንም በዝምታ አምናለሁ፤ ዝም አይነቅዝም። ስለዚህ ለአንድም ሰው ትንፍሽ አላልንም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ሌላም ነገር ወሰንኩ። እኔና እናቴ ስንጨቃጨቅ ነው የምንኖረው። ስለ ጨው፣ ስለ መጋረጃ፣ ስለ ቴሌቪዥኑ ድምፅ፣ ስላለማግባቴ። ሁለታችንም ድምፃችን ወፍራም ነው፤ ስንጣላ ከታች ያለው ዘበኛ ሳይቀር ምክንያቱን ያውቃል። ይህ ጉዞ ግን እንዲያምር ፈለግኩ። ደርሰን እስክንመለስ ድረስ አልቆጣም፣ የምትለውን ሁሉ እሺ እላለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። የሚገርመው እሷም ጥቂት ቆይታ እሺ ማለት ጀመረች። ቤታችን ጸጥ አለ። እኔም የማሰናዳት ችሎታዬ ሰውን እስከማረም የደረሰ መሰለኝ።

ለዛንዚባር የቢጫ ወባ ክትባት ያስፈልጋል። በእናቴ ዕድሜ ላለ ሰው ግን ክትባቱ ዝም ተብሎ አይወጋም። ነርሷ ግፊቷን ልትለካ ወደ ጎን ስትወስዳት ሐኪሙ እኔን አስቀምጦ ብዙ ነገር ጠየቀኝ፤ ከባድ በሽታ ኖሮባት ያውቃል ወይ፣ ካንሰር፣ የሰውነት አቅም የሚያዳክም መድኃኒት እያለ። ከጉልበቷና ከግፊቷ በቀር ምንም የለባትም አልኩት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ስወጣ እናቴ አግዳሚው ላይ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ምን አለሽ አለችኝ። ጤነኛ ናት አለኝ አልኳት። እውነቴን ነበር።

ስንመለስ ክንዷን ደግፌ ደረጃውን አወጣኋት። የፊት ለፊት ጎረቤታችን በራቸው ላይ ቆመው ነበር። እኚህ ሴት ከድሮው ሰፈር ጀምሮ የምናውቃቸው፣ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ከእናቴ ጋር እንደ እህት የሚተያዩ ናቸው፤ እኔም እትዬ እያልኩ ነው ያደግኩት። የእናቴን ክንድ፣ ክንዷ ላይ ያለውን ፕላስተር፣ በእጄ የያዝኩትን ፓስፖርቷን፣ ቀጥሎ እኔን አዩና ምንም ሳይሉ ገቡ። እሳቸው ምንም ሳይሉ የገቡበት ሌላ ቀን አላስታውስም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እንግዳ በዛ። ከሥራ ስመለስ ሶፋው ላይ የእድር ሴቶች ተደርድረው አገኛለሁ። ብርቱካኑ፣ ሙዙ፣ የታሸገ ጭማቂው በየፌስታሉ ይከመራል። ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር የሄዱት ሳይቀሩ ታክሲ ቀያይረው፣ ጭቃውን ረግጠው መጡ። ከእናቴ ጋር ስለ ልጆችና ስለ ኑሮ ውድነት ያወራሉ፤ ሲወጡ በር ላይ እጄን ጨበጥ አድርገው አይዞሽ ይሉኛል። እኔ ጉልበቷን ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ አመሰግናለሁ። ለጉልበት ሕመም ያን ያህል ብርቱካን ለምን እንዳስፈለገ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

አንድ ጠዋት ካዛንቺስ ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ ጎረቤታችን ሰልፉን አልፈው አጠገቤ ቆሙ።

"ሕንድ ነው ወይስ ታይላንድ?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ምኑ አልኳቸው። ሕክምናው ነዋ፣ አሉ፤ የባለቤታቸው ዘመድ ሕንድ ሄዶ ድኖ እንደመጣ፣ ስልኩን እንደሚሰጡኝም ጨመሩ። ያን ጊዜ ገባኝ። ምስጢሩን ከመጠበቅ ይልቅ እውነቱን መናገር ተሻለኝና ሁሉንም ነገርኳቸው። እናቴ ምንም አልታመመችም፣ ዛንዚባር ባሕር ዳር ለሽርሽር ነው የምወስዳት አልኩ። ስልኬን አውጥቼ አሸዋውን፣ ዘንባባውን፣ በሩ ላይ ያለውን ዝቅ ያለ ወንበር አሳየኋቸው። ፎቶውን ትኩር ብለው አዩት። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ጎበዝ ልጅ ነሽ" አሉኝ። "ለእሷም እንደዚያው በያት። ብታውቀው ትሰበራለች።"

ኦሎምፒያ እስክደርስ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ነገሩ እኮ የሚገባ ነው። እኛ ዘንድ ክፉ በሽታ ለታማሚው አይነገርም። ሐኪሙ ለቤተሰቡ ሹክ ይላል፤ ቤተሰቡ ለታማሚው ጨጓራ ነው፣ ነርቭ ነው፣ ብርድ ነው ይለዋል፤ ጎረቤቱ እያወቀ ብርቱካን ይዞ መጥቶ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል። በዚህ አገር ምንም አልታመመችም ማለት በጣም ታማለች ማለት ነው። ባስተባበልኩ ቁጥር አይዞሽ የሚለኝ ሰው በዛ። ጊዜው ሲደርስ ፀሐይ መትቷት ጠቁራ ስትመለስ ያዩታል ብዬ ተውኩት።

የእናቴ እሺታ ግን እየሰፋ ሄደ። ዓሣ ሞክሪ ብላት እሺ። ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበትሽ ትገቢያለሽ ብላት እሺ። የንስሐ አባቷ ቤት መጥተው ለብቻቸው ረጅም ጊዜ አወሩ፤ ከመንገድ በፊት መልካም ነው አልኩ። የውሃ ታንከሩ ሲሞላ የትኛውን ቧንቧ እንደምዘጋ፣ የመብራት ካርዱ የት እንደሚቀመጥ፣ የማርያም ማኅበር ዕለት ለማን ምን እንደሚላክ አስተማረችኝ። አብረን ነው እኮ የምንሄደው ብላት ብታውቂው ምን ይጎዳሻል አለችኝ። ለጎረቤታችን የምትወደውን አዲስ ነጠላ ሰጠቻቸው። እኔ ይህን ሁሉ አይቼ፣ ሴትዮዋ ጉዞው ገና ሳይጀመር ልቧ ተከፈተ ብዬ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ብልህ ሰው ነኝ እንግዲህ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድብ፣ የገዛሁላትን ሰፊ የጥጥ ቀሚስ እያስለካኋት ነበር። ትስቃለች ብዬ የጎረቤታችንን ነገር አወራኋት፤ ሕንድ ነው ወይስ ታይላንድ ያሉኝን፣ ፎቶውን አይተው ያነቡትን፣ ድምፃቸውን ሳይቀር እያስመሰልኩ። አልሳቀችም። ቀሚሱን አውልቃ አጣጠፈችው።

"እኔም እኮ አባትሽን ላንጋኖ ወስጄዋለሁ" አለች።

አባቴ የሞተው በጉበት ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ ለእናቴ ነገሯት፣ እናቴ ለእኔ ነገረችኝ፤ ለእሱ ጨጓራ ነው አልነው። ከመሥሪያ ቤቱና ከቤቱ በቀር የሚወደው ቦታ አልነበረም። እናቴ ግን ሞቃት አየር ለጨጓራ ይስማማል ብላ ላንጋኖ ሐይቅ ወሰደችው። እኔ ሥራ ይዞኝ አልሄድኩም። የተነሱት ፎቶ አለ፤ እሱ ጫማውን ሳያወልቅ አሸዋው ላይ ተቀምጧል፣ እሷ ጃንጥላ ይዛለታለች። ከተመለሱ በኋላ ብዙም አልቆየ።

"አሠራሩን አውቀዋለሁ" አለች እናቴ። "መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይወስዱሻል። ሐኪሙን ለብቻቸው ያናግሩታል። ከዚያ አየር ለውጪ ይሉሻል።"

አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

"ቆይ ልጨርስ። አባትሽ ያውቅ ነበር።"

ነግሮሽ ነበር ወይ አልኳት።

"አልነገረኝም። ግን ያውቅ ነበር። እኔ እንዳልጨነቅ ብሎ ዝም አለ። እኔም ላንቺ ብዬ ዝም ልል ነበር። ባሕሩን አይቼ፣ ደስ ብሎኛል ብዬሽ ልመለስ። ጎረቤቱ ሁሉ ካወቀ ግን መደባበቁ ምን ያደርጋል። ንገሪኝ እስቲ፣ የት ላይ ነው? እኔም ጉበቴ ላይ ነው?"

እሺታዋ በሙሉ ስንብት ኖሯል። የውሃው ቧንቧ፣ የመብራቱ ካርድ፣ ነጠላው፣ ሁሉም። የፈራሁት ጉዞው እንዳይቀር አይደለም፤ ትኬቱ ቢቃጠልም ግድ አልነበረኝም። የፈራሁት አልሄድም እንዳትለኝ ሳይሆን እንደዚህ ሆና እንዳትሄድ ነው። እዚያ ውሃ ዳር ባዘጋጀሁላት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ለእኔ ስትል ፈገግ እያለች፣ በውስጧ እየተሰናበተችኝ። ደስ እንዲላት ያልኩት ነገር ሁሉ መርዶ ሊሆንባት ነው።

ማርያምን አልኳት። እሷም ለአባቴ ማርያምን ብላ እንደማለችለት፣ በኋላም ንስሐ ገብታ ብዙ እንደሰገደችበት ነገረችኝ። ሐኪሙ ራሱ ይንገርሽ ስላት ሐኪም መች ለታማሚ ይናገራል አለች። ሌላ ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳት፤ እንዳይከፋኝ ብላ እሺ አለች። ሄድን። ደሟን፣ ሽንቷን፣ ሆዷን አዩ። አንድ ወጣት ሐኪም ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ እማማ ጤነኛ ነዎት፣ እኔም በእርስዎ ዕድሜ እንዲህ ልሁን አላት። መረቀችው። ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዝ አድርጋ ቀድመሽ ነግረሽው ነው አይደል አለችኝ። የተናገረችው በፍቅር ነበር፤ እኔ ግን መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

በሕይወቴ መላ ያጣሁበት ቀን ቢኖር ያ ነው። የአዳራሽ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል፤ እውነት የማታምን እናት ምን ይደረግላታል? ሁሉም ማስረጃ የውሸት ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ እሷ ሁሉንም ሠርታበታለች። እኔም ያለኝ ነገር ትሕትና ብቻ ስለነበር እሱን ጨመርኩ። ቡናዋን ጠጥታ ሳትጨርስ ሻይ ላፍላልሽ እላለሁ። ወገቤን ትላለች፣ ትራስ አመጣለሁ። እሷም ተባረኪ ትለኛለች። እኔ በለሰለስኩ ቁጥር እሷ ወደ መቃብሯ አንድ እርምጃ የቀረበች ይመስላታል። እኔ ይህን አላየሁም፤ እንዲያውም የያዝኩት ትክክለኛ መንገድ መሰለኝ።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝን ቂርቆስ ውላ መጣች። በማግስቱ፣ በበረራችን ዋዜማ፣ ሻንጣዋን ልይ አልኩ፤ የሰው ሻንጣ ሳላይ መንገድ አልወጣም። ከላይ ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬ፣ ሽሮ። ደህና። ከሥሩ ወፍራሙ ጋቢ። ከጋቢው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ነጭ ጨርቅ አገኘሁ። አወቅኩት። ከኢየሩሳሌም የመጣ፣ ስትሞት የምትገነዝበት፣ እንደ ብዙ እናቶች ሳጥኗ ውስጥ ስታስቀምጠው የኖረችው መገነዣዋ ነው።

"በሰው አገር እንዳትቸገሪ ብዬ ነው" አለችኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ጮኽኩ። ጀምሬ እስክጨርስ ራሴን አላውቅም ነበር።

"በጾምና በጾም መካከል ቀን ፈልጌ፣ ደረጃ የሌለው ቤት ፈልጌ፣ የማይሸሽ ባሕር ፈልጌ፣ አንቺ መገነዣ ትይዢልኛለሽ?"

ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም። ግትር እንደሆነች፣ የወለደችውን ልጅ ትታ የደረጃ ወሬ እንደምታምን፣ ጆሮዋ የሚሰማው ራሷ የምትለውን ብቻ እንደሆነ ነገርኳት። ነገሩ ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞረ። ከመጋረጃው ወደ ጨው። ስንት ሳምንት ያፈንኩት ስለነበር መውጫ ሲያገኝ አንድ ላይ ነው የወጣው። እናቴ መጀመሪያ ትክ ብላ ታየኝ ነበር። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ ከአልጋው ተነስታ መለሰችልኝ። በእናት ላይ ጣት እንደማይቀሰር፣ ጨውን ያበዛሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ይህን ያህል አድጌ ሻንጣ አያያዝ እንደማላውቅ ነገረችኝ። እኔን፣ ሻንጣ አያያዝ። ድምፃችን ተደባልቆ ማን ምን እንዳለ አይለይም ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ነጠላቸውን እንደነገሩ ጣል አድርገው፣ ፊታቸው ተቆጥቶ።

"ልጄ፣ የታመመ ሰው ላይ እንዲህ ይጮኻል? ኋላ ይቆጭሻል እኮ" አሉኝ።

እኔ ከመመለሴ በፊት እናቴ ከኋላዬ መጣች። ትንፋሿ ገና አልተመለሰም።

"ማነው የታመመው?" አለቻቸው።

ጎረቤታችን እኔን አዩ፣ እሷን አዩ።

"አልታመምኩም" አለች እናቴ። ቃሉን ራሷም እየሰማችው ነበር የምትናገረው። "እስቲ አስቢው፤ ለሚሞት ሰው እንዲህ ይጮኻል?"

ጎረቤታችን ጥቂት አሰቡና እሱስ እውነትሽን ነው አሉ። ወዲያው ደግሞ ተቀየሙ፤ እውነት ለሽርሽር ከሆነ ለእኔ እንኳ መደበቅ ምን ይባላል፣ ይህን ሁሉ ብርቱካን ተሸክመን አሉ። እናቴ ስትመለስ እንደምትክሳቸው ነገረቻቸው። ስትመለስ አለች። ቃሉን ሰማሁት።

በሩ ሲዘጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነጩ ጨርቅ ሻንጣው ላይ እንደተጣለ ነው። እኔ ይቅርታ ልጠይቃትም እንደገና ልጮህባትም እኩል ዝግጁ ነበርኩ።

"አባትሽ ላንጋኖ ላይ አንድ ነገር ጠየቀኝ" አለች። "ውሃውን እያየን ሳለ፣ ‹ምነው መቆጣት ተውሽ?› አለኝ። ጃንጥላውን አስጠጋሁለት።"

አለቀስኩ፤ ለአባቴም፣ ለእሷም፣ ለራሴም። አላባበለችኝም። ተነስታ መገነዣውን በላስቲኩ በደንብ ጠቀለለችው፣ ወደ ሳጥኗ መልሳ ቁልፉን ዞር አደረገችው። ተመልሳ መጥታ የጥጥ ቀሚሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው።

"ይሄን አልለብስም" አለች። "ያሳያል። የዋና ልብስ የሚባል ነገርም በዓይኔ እንዳታሳዪኝ። ጋቢው ደግሞ ይሄዳል።"

አገሩ ሙቀት ነው፣ ማንም ጋቢ ለብሶ ባሕር ዳር አይቀመጥም አልኳት። ከማንም አትቁጠሪኝ፣ እኔ እቀመጣለሁ አለች። እስከ እራት ድረስ ስለ ጋቢው ተጨቃጨቅን።